ዋስ ያለበት ነፃነት፦ ከሐዋሳ ለዶክትሬት የወጣች የአንዲት መምህርት ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ሐዋሳ ውስጥ ለትምህርት ወደ ውጭ ለመሄድ ያሰበ ሰው ወረቀቱን በፕላስቲክ ፋይል ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ አይደለም፤ ውጭ ተምሬ ስለተመለስኩና ቅጽ መሙላት ስለማይሰለቸኝ ነው። ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። የወጪ መጋራት ዕዳዬን ሳልጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪዬን እንዴት ላውጣ? ለጀርመን የተማሪ ቪዛ በዝግ ሒሳብ መቀመጥ ያለበት 11,904 ዩሮ ከየት ይምጣ? የአሜሪካ ኤምባሲ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽህን ክፍት አድርግ የሚለው ምን ሊያይ ነው?

ስለ አካዳሚያዊ ነፃነት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንዷ ብቻ ጠየቀችኝ፤ እሷም ቃሉን አልተጠቀመችም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ በቴሌግራም እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ፕሮፌሰሬን እምቢ ብላቸው ፈቃዴን ይነጥቁኛል?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሞላ ጎደል አብሬያት አሳልፌያለሁ። ስሟ፣ የትምህርት ክፍሏና የሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ስም እዚህ የለም። ረቂቁን አንብባዋለች፤ ሁለት ቦታ ላይ አስወጥታኛለች፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እኔን የማያስመሰግን ነገር እንድጨምር አድርጋለች።

መነሻው

ባለጉዳይዋ ሐዋሳ ተወልዳ ያደገች፣ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ሴት ናት። የምታጠናው እንሰትን ነው። ቆጮውንና ቡላውን ለሚያውቅ አንባቢ ስለ ተክሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚደገፍበት ነው። ትልቁ ጠላቱ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። ባክቴሪያው በእንሰት ላይ መኖሩ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ የተክሉ ጂኖም ረቂቅ ደግሞ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ከዚያ ወዲህ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ፍለጋ በየአገሩ ላብራቶሪ ገብቷል። እሷም በዚህ በር ነው የገባችው። አንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ቡድን የመቋቋም ባሕርይ ያላቸውን ዘሮች በዲኤንኤ ለመለየት የዶክትሬት ተመራማሪ ፈለገ፤ አመለከተች፣ ተቀበሏት።

ከመሄዷ በፊት ሦስት ወረቀት ፈረመች።

አንዱ ከጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ ጋር የ3 ዓመት የሥራ ውል ነው፤ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ደመወዙ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ 65 በመቶ፣ ሥራው ግን ሙሉ ቀን። ሁለተኛው አስተናጋጅ ስምምነት የሚባለው ነው፤ በጀርመን የተመራማሪ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው እሱን መሠረት አድርጎ ነው።

ሦስተኛው የአገር ቤቱ ነው። የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፈቃድ ሰጣት፣ ደመወዟም እንዲቀጥል ተስማማ። በምላሹ ለተማረችበት ለእያንዳንዱ 1 ዓመት 2 ዓመት ልታገለግል ፈረመች። ካልተመለሰች የተከፈላትን ከነወጪው የሚመልስ ዋስ ያስፈልጋል። ዋሱ አጎቷ ሆኑ። እዚሁ ሐዋሳ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው። የደመወዝ ደብዳቤ አጻፉ፣ ቀርበው ፈረሙ። ያን ቀን ከሰነዶች ማረጋገጫ ስንወጣ ባጃጅ ውስጥ «ምን ነበር የፈረምነው?» አሉ እየሳቁ። እኛም ሳቅን። ማናችንም ውሉን እስከ መጨረሻው አላነበብነውም ነበር። ኋላ ሲሰላ ዋስትናው የእሳቸው የ4 ዓመት ሙሉ ደመወዝ ቢጠራቀም የማይሸፍነው ነው።

ችግሩ እንዴት ተጀመረ

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2015 ለመስክ ሥራ መጣች። ሲዳማ ውስጥ ሁላ አካባቢ ደጋው ላይ ከቤት ቤት እየዞረች ናሙና ሰበሰበች። አያቷ ሲዳምኛ ስላስተማሯት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ፕሮጀክቱ የሚጠይቃት ቅጠል ቆርጣ፣ በሲሊካ አድርቃ፣ ቁጥር ሰጥታ እንድትወስድ ብቻ ነበር። እሷ ግን የእያንዳንዱን እንሰት ባለቤት ትጠይቅ ጀመር፦ ስሙ ማን ነው? ከየት መጣ? አጠውልግ ሲገባ የቱ ቀድሞ ይሞታል?

መልሱ እንደጠበቀችው አልነበረም። ሴቶቹ ገንቲቻና አዶ የሚባሉትን የእንሰት ዓይነቶች እየለዩ ብቻ አልቀሩም፤ በሽታ ሲገባ የቱ ከየቱ ጎን መተከል እንዳለበት፣ የትኛው ታሞ እንደሚያገግም ነገሯት። አንዲት እናት የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላ ሳይታጠብ ወደ ሌላ ተክል እንደማይሄድ፣ ይህንንም ከአማታቸው እንደተማሩ አስረዷት። የግብርና ባለሙያ «መሣሪያ በእሳት አተኩሱ» ብሎ የሚያስተምረውን እሳቸው የሚያውቁት ባለሙያው ሳይወለድ ነው። 38 ዓይነት መዘገበች። የፈቃድ ቅጹ ላይ የማይጽፉት በጣት አሻራ ፈረሙ፣ እሷም ቃል ገባችላቸው፦ የምትሰጡኝ ስም በወጣው ጽሑፍ ላይ በስሙ ይገባል፣ ቀበሌያችሁም ይጠቀሳል።

ሚያዝያ ላይ ጀርመን ተመልሳ ለቡድኑ ስታቀርብ ፕሮፌሰሩ በትህትና አዳመጧት። ከዚያም የገበሬው ስም ለዚህ ጥናት «ጫጫታ» እንደሆነ፣ ናሙናዎቹ ከ01 እስከ 38 በቁጥር እንደሚጠሩና ቃለ መጠይቆቹን ለሌላ ጊዜ እንድታስቀምጣቸው ነገሯት። የመጀመሪያው ጽሑፍ ረቂቅ ሲደርሳት የደራሲዎቹ ዝርዝር ውስጥ ስድስት ስም አለ፤ የእሷ የለም። ወደ ታች ስትወርድ ምስጋናው ጋ አገኘችው፦ «ለመስክ እገዛዋ»። የሴቶቹ ስም፣ የቀበሌዎቹ ስም፣ የእንሰቶቹ ስም የትም የለም።

ለፕሮፌሰሩ ሚዛናዊ ልሁን። የቀጠሯት ለዘረመል ጥናት ነው፣ ገንዘቡም የተሰጠው ለእሱ ነው፤ ለገንዘብ ሰጪው የሚቀርብ የጊዜ ሰሌዳ አለባቸው። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አላምንም። እንዲያውም ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር።

አካዳሚያዊ ነፃነት የማን ነው?

በእኛ አገር ይህ ቃል ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው 1985 ዓ.ም.ን ነው፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ የተሰናበቱበትን። ስለዚህ ቃሉ በአእምሯችን ውስጥ መንግሥት በአንድ ወገን፣ መምህር በሌላ ወገን ቆመው ነው የሚታየን። የከፍተኛ ትምህርት አዋጃችን ቁጥር 1152/2011ም አካዳሚያዊ ነፃነትን ያውቃል። ዩኔስኮ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ የማስተማር፣ የመመራመር፣ ውጤትን የማሳተምና የራስን ተቋም ሳይቀር የመተቸት ነፃነት ብሎ ይዘረዝረዋል፤ ርዕሱ ግን «የከፍተኛ ትምህርት አስተማሪዎች» ይላል። የጀርመን ሕገ መንግሥት ከ1949 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንቀጽ 5 ሳይንስ፣ ምርምርና ማስተማር ነፃ ናቸው ብሎ ደንግጓል።

ይህን አንቀጽ ለባለጉዳይዋ ስልክላት በአንድ መስመር መለሰችልኝ፦ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእሳቸው ነፃነት ነው።»

ልክ ነበረች። ፕሮፌሰሩ የፈለጉትን ጥያቄ የመምረጥ ነፃነት አላቸው፤ የእሷ ጥያቄ «ጫጫታ» የተባለው በዚያው ነፃነት ነው። ከውጭ ለሄደ ተማሪ ዋናው ችግር መንግሥት አፉን መዝጋቱ ላይሆን ይችላል። ከአማካሪው ጋር ሳይስማማ ቢቀር ደመወዙ፣ ፈቃዱና አገር ቤት ያለው ዋሱ በአንድ ቀን ይናጋሉ ብሎ መፍራቱ ነው። በ1990 (እ.ኤ.አ.) ካምፓላ ላይ የወጣው የአፍሪካ ምሁራን መግለጫ ከአገር የመውጣትና የመመለስ ነፃነትን ከምሁራዊ ነፃነት ጋር አብሮ አስቀምጦታል። ስናነበው ሁለቱ ምን አገናኛቸው ያልን ነበርን። አሁን ገብቶናል።

ያልሠራው

መጀመሪያ ያደረግነው ዝም ማለት ነው፤ ምክሩም የእኔ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዷ የሚታደሰው ጥቅምት 2016 ስለሆነ «እስኪታደስ ድረስ አንገትሽን ድፊ፣ ካርዱን ስትይዢ ትናገሪያለሽ» አልኳት። አገር ቤት የለመድነው ጥበብ ነው። ስድስት ወር ዝም አለች። በዚያ መሀል፣ ነሐሴ ላይ፣ ጽሑፉ ለመጽሔት ተላከ፤ ቅድመ ኅትመቱም ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ከመላኩ በፊት አንድ ኢሜይል ጽፋ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የቡድን ውስጥ ውይይት ሆኖ ያልቅ ነበር። ከወጣ በኋላ ግን ክስ ሆነ። ይህ ነው እንድጨምረው ያስገደደችኝ።

ሁለተኛው ስህተት ሽማግሌ መላካችን ነው። እዚያው አገር ለረጅም ዓመት የኖሩ ኢትዮጵያዊ ምሁር አሉ፤ ፕሮፌሰሩን በሥራ ያውቋቸዋል። እንዲያነጋግሩልን ለመንናቸው፣ በቅንነት ደወሉ። እኛ ሽምግልና ያልነውን ፕሮፌሰሩ ከጀርባ የተደረገ ጫና አድርገው ወሰዱት። በማግሥቱ የቡድኑ ስብሰባ ላይ «ቅሬታ ያለው ሰው በቀጥታ ይናገረኝ» ተባለ፤ ሁሉም ማን እንደሆነ አወቀ። ለአንድ ወር ያህል ምሳ ብቻዋን በላች።

ሦስተኛው ደብዳቤው ነው። ቅሬታውን ስንጽፍ አራት ገጽ ሆነ፣ ርዕሱም «አካዳሚያዊ ነፃነቴ ስለመጣሱ» የሚል። ውስጡ ሁሉም ነገር አለ፦ የጥናቱ ጥያቄ፣ የደራሲነት ስም፣ የምሳው ነገር፣ የቅኝ ግዛት ታሪክ ሳይቀር። የመጨረሻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ።

የሠራው

ነገሩ መልክ የያዘው ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናነብ ነው። እሷ እዚያ፣ እኔና አጎቷ ፍቅር ሐይቅ አጠገብ ካፌ ተቀምጠን፣ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን። ከኋላችን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትራፊ ይጠብቃሉ። አጎቷ መነጽራቸውን አድርገው የአገር ቤቱን ውል በድምፅ እያነበቡ፣ እሷ የጀርመኑን እየተረጎመች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

አስተናጋጅ ስምምነቱ ላይ ተዋዋዩ ማን ነው? ዩኒቨርሲቲው። የፕሮፌሰሩ ስም ፕሮጀክቱን ለመግለጽ ብቻ ገብቷል፤ ፈራሚው የአስተዳደሩ ሰው ነው። የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ሕግም የምርምር ፕሮጀክት በቆይታ መሀል መለወጡ ብቻውን መብቱን እንደማያስቀር ይናገራል። የሥራ ውሉም እንዲሁ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ወደ ሌላ ቡድን ብትዛወር ካርዷን የሚነጥቃት የለም። ስድስት ወር ሙሉ የፈራነው ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

የአገር ቤቱ ውል ግን ሌላ ነው። አጎቷ አንድ መስመር ላይ ቆሙና ጣታቸውን አስቀመጡ፦ የትምህርት መስኩና የጥናቱ ርዕስ በስም ተጽፈዋል፤ ያለ ዩኒቨርሲቲው የጽሑፍ ፈቃድ መለወጥ እንደ ውል ማፍረስ ይቆጠራል። ጀርመን ውስጥ ቡድን ብትቀይር የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ሻይ አዘዙና ዝም አሉ። ቆይተው ስልኩን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይህን ከአሁን በፊት ብታውቂ ትተዪው ነበር?» አሏት። «አላውቅም አባባ» አለች። «እንግዲህ መጀመሪያ ከዚህኛው ጋር እንጨርስ» አሉ።

እሳቸው እንዳሉት ቀድመን የአገር ቤቱን ፈቃድ ጠየቅን። መልሱ አራት ወር ፈጀ። ዲኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያ የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ቢሮ፣ ከዚያ የሕግ ክፍል፣ እንደገና ዲኑ ጋ። አጎቷ በየሳምንቱ አርብ በሚኒባስ እየሄዱ መዝገብ ቤት ይጠይቁ ነበር። ደብዳቤው ሲወጣ ሁለት መስመር ነው፦ መስኩ እንዳለ ሆኖ የርዕስ ማሻሻያ ተፈቅዷል፣ ውሉ ግን ቢበዛ ለ1 ዓመት፣ ያውም ያለ ደመወዝ፣ ይራዘማል።

ጎን ለጎን ቅሬታውን እንደገና ጻፍነው። ጀርመን ውስጥ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ትልቅ የምርምር ማጭበርበር ከተጋለጠ በኋላ የአገሪቱ የምርምር ፈንድ መመሪያ አወጣ፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው በ2019 የወጣው ነው። በዚህ መሠረት በየተቋሙ ገለልተኛ የሆነ ሰው ይሰየማል፤ እኛ ዕንባ ጠባቂ የምንለው ዓይነት፣ ለሳይንስ ሥነ ምግባር ብቻ የተመደበ። መመሪያው ሁለት ጠቃሚ ነገር ይላል። በጽሑፍ ላይ ስም የሚገባው ለይዘቱ ተለይቶ የሚታወቅ እውነተኛ አስተዋጽኦ ላደረገ ሰው ነው፤ የቡድን መሪ መሆን ብቻውን ደራሲ አያሰኝም። የበላይና የበታች ግንኙነትን ያለአግባብ መጠቀም ደግሞ መከላከል አለበት።

ዕንባ ጠባቂዋ አራት ገጹን አንብባ የመለሰችው ሁለት ጥያቄ ነው፦ «የጥናቱ ርዕስ እንዲቀየር ነው የምትፈልጊው ወይስ በጽሑፉ ላይ ስምሽ እንዲገባ? ማስረጃው ምንድን ነው?» እነዚህ ሁለት ጉዳዮች መሆናቸው ያኔ ነው የገባን። ርዕሱ ላይ አቋማችን ደካማ ነው፤ ለፕሮጀክት ተቀጥራለች። ስሙ ላይ ግን ጠንካራ ነው። አራቱን ገጽ ወደ አንድ ተኩል አወረድነው፣ ስለ ስሙ ብቻ።

ማስረጃው የመስክ ደብተሯ ነበር፤ እሱም ሊያጠፋን ነበር። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ ላይ የእንሰት ጭማቂ ያጠቆረው ደብተር ነው። የእያንዳንዱን ናሙና ስም፣ ባለቤት፣ ቦታና ቀን የያዘ። የገጾቹን ስካን ላከች። ከሳምንት በኋላ ግራ የተጋባ መልስ መጣ፦ ናሙና 17 የተሰበሰበው «9/5/2015» ይላል፤ እሷ የተቀጠረችው በ2021 (እ.ኤ.አ.) አይደለም እንዴ? ጥር 9 ቀን 2015ን እ.ኤ.አ. ግንቦት 2015 አድርገው አንብበውታል። ፕሮፌሰሩም ደብተሩ ኋላ የተቀነባበረ ሳይሆን አይቀርም የሚል ፍንጭ የያዘ አስተያየት አስገብተው ነበር። እያንዳንዷን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው መልሳ፣ ስልኳ ውስጥ ካሉት ፎቶዎች ቀን ጋር አጣምራ ሰንጠረዥ ሠራች፤ ጥር 9 እና እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 2023 አንድ መሆናቸውን ለማስረዳት አንድ ገጽ ማብራሪያ አባሪ ሆነ። ፎቶዎቹ ባይኖሩ ምን እንደምንል እንጃ።

ከሁሉ የበለጠ ክብደት የነበረው ግን የማንም ትኩረት ያላረፈበት ወረቀት ነው። ናሙና ከአገር ሲወጣ ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠየቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት። አዋጁ «አርካቦት» የሚል ቃል ይጠቀማል፤ የጄኔቲክ ሀብቱንና የማኅበረሰቡን ዕውቀት የማግኘት ፈቃድ ማለት ነው፣ ባለጉዳይዋ መጀመሪያ ስታየው የፊደል ስህተት መስሏት ነበር። የፈረመችው ስምምነት ላይ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በጥናቱ እንደሚሳተፍና ውጤቱም እንደሚጋራ ተጽፏል። በጤፍ ላይ የተወሰደው ፓተንት በ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሄግ ላይ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ ለሚያውቅ ሰው ይህ ወረቀት ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም። የጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል አንቀጹን ሲያይ የነገሩ ፍጥነት ተቀየረ። ከዚያ በፊት ለአንድ ኢሜይል ሦስት ሳምንት የሚወስዱ ሰዎች በሁለት ቀን መለሱ።

ውጤቱ

ግንቦት 2016 ላይ በዕንባ ጠባቂዋ ፊት ተስማሙ። ስሟ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ሁለተኛ ይገባኝ ነበር ብላ ታምናለች፤ እኔም አምናለሁ፤ ግን ደክሟት ነበር። ከጽሑፉ ጋር የ38ቱ እንሰቶች ስም በሲዳምኛና በአማርኛ፣ ከነቀበሌያቸው፣ በአባሪ ሰንጠረዥ ወጣ። ሁለተኛ አማካሪ ከሌላ ቡድን ተጨመረላት። የሴቶቹ ዕውቀት የመመረቂያ ጽሑፏ አንድ ምዕራፍ ሆነ። ዋናው ጥናት የፕሮፌሰሩ ጥያቄ እንደሆነ ቀረ።

ያልተፈታም አለ። የጀርመኑ ውል በግማሽ የሥራ ሰዓትና ደመወዝ ለ1 ዓመት ተራዘመ፤ የአገር ቤቱ ደመወዝ ደግሞ ቆመ። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የብር ምንዛሪ ሲለቀቅ ለእናቷ የምትልከው ዩሮ በብር ከፍ አለ፣ አጎቷ ግን በዚያው ደመወዝ ቀሩ። ከፕሮፌሰሩ ጋር ሰላምታ አላቸው፣ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ልትጠይቃቸው አልደፈረችም። በዚህ ሙያ የድጋፍ ደብዳቤ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለሚቀጥለው ሰው የምነግረው

አሁን ፋይል ይዞ ለሚመጣ ሰው ስለ ቪዛ ከማውራቴ በፊት የምጠይቀው አለ። ስምምነቱን የፈረመው ዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ፕሮፌሰሩ? ስኮላርሺፕ ከሆነ ገንዘቡን የሚያቆም ማን ነው፣ በምን ምክንያት? የአገር ቤቱ ውል ላይ ርዕስ በስም ተጽፏል? ከተጻፈ «የትምህርት መስክ» በሚል ሰፋ ያለ ቃል እንዲተካ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ የላክኋቸው ሁለት ልጆች ጠይቀው አንዱ ተፈቅዶለታል። ዋሱም ውሉን ያንብብ። አጎቷ ቀድመው አንብበውት ቢሆን አይፈርሙም ነበር ማለቴ አይደለም፤ አርብ አርብ ሚኒባስ የሚሳፈሩት ለምን እንደሆነ አውቀው ይሳፈሩ ነበር።

በራሱ ገንዘብ ለማስተርስ የሚሄድ ደግሞ ከእሷ የባሰ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። የሥራ ውል የለውም። በዝግ ሒሳቡ በወር 992 ዩሮ እየወጣለት፣ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ብቻ እንዲሠራ ተፈቅዶለት፣ ኮርስ ወድቆ ዓመት ቢደግም ገንዘቡ ቀድሞ ያልቃል። እንዲህ ያለ ተማሪ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «አልስማማም» ባይል አልፈርድበትም። ለእሱ የምለው፣ በመጀመሪያው ሳምንት የዕንባ ጠባቂውን ቢሮና የተማሪዎች ኅብረቱን የሕግ ምክር አድራሻ ስልኩ ላይ ይያዝ ነው። በሰላሙ ጊዜ የተያዘ አድራሻ ለመጠየቅ አያስፈራም።

ቅሬታ ሲጻፍ «ጥያቄዬን ተነጠቅሁ» እና «ስሜን ተነጠቅሁ» ለየብቻ ይጻፉ። የመጀመሪያው እውነት ቢሆንም የሚዳኝበት ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ሁለተኛው ደንብ አለው። ሽማግሌ መላክም ይቅር፤ ቢያንስ ከዚህ በፊት በጽሑፍ የተባለ ነገር ከሌለ። የቃል ስምምነት ሁሉ በማግሥቱ በአጭር ኢሜይል ይረጋገጥ፦ «ትናንት እንደተነጋገርነው…»። ደብተር ላይም ሁለት ቀን ይጻፍ።

ዛሬ ያለበት

መመረቂያዋን ተከላክላ በ2018 ዓ.ም. ተመልሳለች። የአገልግሎት ዘመኗ መቁጠር ጀምሯል፤ ያለ ደመወዝ ያሳለፈችው ዓመት ይቆጠር አይቆጠር ገና እየተከራከረች ነው። አጎቷ ጡረታ ወጥተዋል፤ ዋስትናው ግን ጡረታ አልወጣም።

ታኅሣሥ ላይ ሰንጠረዡን አሳትማ በፕላስቲክ አስለብጣ ወደ ሁላ ወሰደችው፤ አብሬያት ሄድኩ። ስለ ቢላው የነገሯት እናት ማንበብ ስለማይችሉ 8ኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጃቸው እየጮኸች አነበበችላቸው። እስከ ተራ ቁጥር 23 ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። 24ኛው ላይ እጃቸውን አነሡ። ያ እንሰት የእሳቸው አይደለም፤ ከጎረቤታቸው ነው ያመጡት፣ ስሙንም ያወጣችው ጎረቤቲቱ ናት፤ ያኔ እሳቸው የሰጡትን የተሳሳተ ስም ባለጉዳይዋ ዝም ብላ ጽፋለች። ባለጉዳይዋ ቦርሳዋን ከፈተች፣ አዲስ ደብተር አወጣችና ከላይ «18/4/2018 — 27.12.2025» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ ጎረቤት ቤት ተሻገርን።